የተረፈችው ሰዓት የማን ናት?



ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ሥራና ስለ ቤታችን ኑሮ እንድናገር ነው የጋበዛችሁኝ። ለሦስቱም የሚሆን አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። አዲስ መሣሪያ ወደ ቤታችን ሲገባ «ድካም ይቀንሳል፣ ጊዜ ይቆጥባል» እየተባለ ነው የሚገባው። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ይቆጥባል። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። የተረፈችው ሰዓት ለማን ደረሰች? ለአባት? ለእናት? ለወንዱ ልጅ? ለሴቷ? ወይስ ከቤቱ ወጥታ ለሌላ ሰው ገባች?

ይህን ጥያቄ በቆጂ ላይ ቆሞ መጠየቅ ደስ ይላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችውን ይህችን ከተማ ዓለም የሚያውቃት በደቂቃና በሰከንድ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ፣ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. የአትላንታን ማራቶን አሸነፈች። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው አራት ወርቆች በሙሉ፣ ሁለቱ በቀነኒሳ በቀለ፣ ሁለቱ በጥሩነሽ ዲባባ፣ ከዚሁ አካባቢ በወጡ ልጆች የተገኙ ናቸው። ሰከንድ ምን ያህል እንደምትከብድ እዚህ ለማስረዳት መድከም አያስፈልገኝም።

ታሪኩን ከራሳችን መሬት ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው፣ «ካዱ» በሚለው አጭር ስሙ የምናውቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላን ማዕከል አድርጎ ሥራ ጀመረ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ ማገዝ ነበር። የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር ይዞ መጣ። የቁሉምሳ የምርምር ማዕከልም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ምርቱ አደገ፤ ስንዴ ገንዘብ እንደሚያመጣ ሁሉም በዓይኑ አየ። ከሁሉ ቀድመው ያዩት ግን ባለርስቶቹ ነበሩ። መሬቱን ለእኩል ወይም ለሲሶ ለሚያርስ ጭሰኛ ከመተው ይልቅ በትራክተር አሳርሶ ምርቱን በሙሉ ማስገባት እንደሚያዋጣ አሰሉ። ትራክተር ገባ፤ ጭሰኛ ተነቀለ። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች አያት ቅድመ አያታቸው ካረሱት መሬት ለቀው ወጡ። ገበሬውን ለማገዝ የመጣው ዘርና ማዳበሪያ በመጨረሻ ገበሬውን ለመንቀል ምክንያት ሆነ።

ትራክተሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ አልወቅሰውም። ከበሬ ፈጥኖ አርሷል። ጥያቄው ያረፈው ጉልበትና የተረፈው ጊዜ ወደ ማን ሄደ የሚለው ነው። መሬቱ በእጁ ወዳለው ሄደ፤ ሕጉ እንደዚያ ይል ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የተለወጠው ሕጉ ነው፤ ማሽኑማ ያው ማሽን ነበር። ስለዚህ ዛሬም አዲስ ነገር ሲመጣ ከማሽኑ ቀድሜ የማየው በዙሪያው ያለውን ውል ነው። ማን ይከፍላል? ማን ያተርፋል? ማን ይቀራል?

አሁን ወደ ኮምባይነር ልምጣ። ዕድሜያችሁ የገፋ አባቶች የማጭዱን ዘመን ታውቁታላችሁ። ገብሱና ስንዴው ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ አውድማ ተለቅልቆ በበሬ ይወቃል፣ ነፋስ ተጠብቆ እህሉ ከገለባው ይለያል። ሳምንታት ይፈጃል። በመሀል ያልተጠበቀ ዝናብ ከመጣ የዓመት ልፋት ክምሩ ላይ ይበቅላል። ዛሬ ኮምባይነር ገብቶ ያንን ሁሉ በሰዓታት ጨርሶ በጆንያ ያስረክባል፤ ሒሳቡ በኩንታል ይታሰባል። ይህን በረከት የማይቀበል ገበሬ አላውቅም፤ እኔም እቀበለዋለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ወንዶች ልጆች ቁጥር የሚቀንስ ከሆነ ለዚያ ብቻ እንኳ ይመስገን።

ነገር ግን ሁለት ሰዎችን አስቡልኝ። አንደኛዋ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ገና ያልደረሱ ሴት ናት። በደቦ ዘመን የእሷም ማሳ በተራዋ ይታጨድላት ነበር። የምታወጣው ጠላና ምሳ ነበር፤ እሱም ከራሷ ጎተራ የሚወጣ ነው። ኮምባይነር ግን ጠላ አይጠጣም። በኩንታል ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ማሳዋ ትንሽ ከሆነ ወይም ተዳፋት ላይ ከሆነ የኮምባይነሩ ደላላ ወደ እሷ መምጣቱንም አይወደውም። ወንዶቹ ማጭዳቸውን ሰቅለዋል፤ ደቦ ልጥራ ብትል ማን ይመጣላታል? ሁለተኛው በመከር ወራት እጁን አከራይቶ የዓመት ልብሱንና የልጆቹን ደብተር የሚገዛው የቀን ሠራተኛ ነው። የእሱ ሥራ በአንድ ቀን ጠፋ፤ የጠየቀውም የለም።

ገለባውም ሌላ ጉዳይ ነው። ኮምባይነር ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፣ ገለባውን ማሳ ላይ ይበትናል። በበጋ ላሟን በገብስ ገለባ የምታከርም እናት የተበተነውን እየለቀመች ታስራለች፤ በሸክም ታመጣለች። አባት ከማጭድ አረፈ፤ እናት ላይ አዲስ ሸክም ተጨመረ። የቤቱ ሒሳብ ተደምሮ ሲታይ የተረፈችው ሰዓት የአባት ሆናለች፤ የጠፋችው ደግሞ የእናት። ይህን የሚጽፍ መዝገብ ስለሌለ አይታየንም።

ከዚህ ተነስቼ ዛሬ ከሁሉ በላይ ልናገረው ወደ መጣሁት ነገር እገባለሁ፤ ስለ ሴቶች ልጆቻችን።

ከአንድ ቤት የወጡ ወንድምና እህት ሁለቱም ሯጮች ናቸው እንበል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ እኩል ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ይሄዳሉ፣ እኩል ይሮጣሉ፣ እኩል ይደክማሉ። ከዚያ ይመለሳሉ። እሱ ቁርሱን በልቶ ጋደም ይላል፤ «ደክሞታል፣ ተዉት» ይባላል። እሷ ጀሪካን ታነሳለች። ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ቡና አፍልታ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች። አሠልጣኞቻችን እዚህ ስላላችሁ ትመሰክሩልኛላችሁ፦ ጡንቻ የሚጠነክረው በሩጫው ሰዓት አይደለም። በሩጫው ሰዓት ይጎዳል፤ የሚጠነክረው በዕረፍቱ ሰዓት፣ በምግቡና በእንቅልፉ ነው። ስለዚህ እሱ ሠልጥኗል፤ እሷ ግማሹን ብቻ ነው የሠለጠነችው። ከጥቂት ወራት በኋላ እሱ ሲሻሻል እሷ ባለችበት ትቀራለች፤ እኛም «ተሰጥኦ የላትም» ብለን እንፈርዳለን። ይህ ፍርድ ያማል። ያቺ ልጅ የተነፈገችው ተሰጥኦ ሳይሆን ከቁርስ በኋላ ያለችው አንዲት ሰዓት ናት።

ያቺን ሰዓት የሚመልሱ መሣሪያዎች አሉ። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ እናቶቻችን በድንጋይ ከመፍጨት አረፉ። የቧንቧ ውኃ ወደ ግቢ በገባበት ቤት ጀሪካኑ ቀረ። እነዚህ ስለ ቴክኖሎጂ ሲወራ ስማቸው የማይነሳ ቴክኖሎጂዎች ናቸው፤ ለእኔ ግን ከማንኛውም ስልክ ይበልጣሉ። ገንዘብ ያገኘ ቤተሰብ ምን ይቅደም ብሎ ቢጠይቀኝ ከትልቁ ቴሌቪዥን በፊት ቧንቧውን፣ ከቧንቧው ቀጥሎ ጭስ የማያበዛ ምድጃ እለዋለሁ። ሁለቱ በገቡበት ቤት የተረፈችውን ሰዓት ደግሞ «ሌላ ሥራ ጨምሩባት» ሳይሆን «ልጅቷ ትረፍባት» በሉ።

የሯጭ እናቶችን ሰዓትም አስቡልኝ። ደራርቱ ከባርሴሎና በኋላ ልጅ ወልዳለች። ወልዳም ተመልሳ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲድኒ ውስጥ በዚያው ርቀት ዳግም ወርቅ ወሰደች፤ በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ነሐስ ጨመረች፤ በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሁለት ልጆች እናት ሆና የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ይህን ስንተርክ ስለ ጽናቷ ብቻ ነው የምናወራው። ጽናቷ የታወቀ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሥራ ልጅ የሚይዝ፣ ቤት የሚጠብቅ ሰው ከጎን ከሌለ አይሆንም። ለሌሎቹ ወጣት እናቶች ልጁን የሚይዘው ማን ነው? ባል ቢሆንስ ምን ነውር አለው? በቆጂ ውስጥ ስንት ብርቱ ሯጭ ሴት ካገባች በኋላ ጫማዋን እንደሰቀለች እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሚስቱ ስትሮጥ ሕፃኑን አቅፎ ከሜዳው ዳር የሚቆም ወጣት ካያችሁ አክብሩት።

አሁን ስለ ስልክ። ይህ ርዕስ ሲነሳ ወላጆች «ልጆቹን ምከርልን» ትላላችሁ። ልጆቹን እመክራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ከወላጆች ጋር ሒሳብ እናድርግ። ልጃችሁ ንጋት 12 ሰዓት ልምምድ ላይ እንዲገኝ ቢያንስ በ11 ሰዓት መነሳት አለበት። በጉርምስና ዕድሜ ያለ ልጅ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሰውነት የሚያድግበትና የተጎዳውን የሚጠግንበት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ነው። እንግዲህ ስምንት ሰዓት እንዲሞላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት ማለት ነው። የኢንተርኔት ጥቅል ደግሞ በሌሊት ይረክሳል። ኪሱ ውስጥ ጥቂት ብር ያለው ልጅ ርካሹን ሰዓት መምረጡ አይገርምም፤ ቪዲዮውን የሚያየው ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኖ፣ እስከ ስድስትና ሰባት ሰዓት ነው። በማግስቱ ጠዋት የሚሮጠው እግሩ ብቻ ይሆናል። በጥቅሉ ያተረፋትን ብር በእንቅልፉ ከፍሏታል።

ስልኩን ንጠቁት አልልም። የተነጠቀ ልጅ ከጓደኛው ይዋሳል፤ ከእናንተም ይርቃል። የማውቀው የሚሠራ ነገር አንድ ነው፦ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባትም የእናትም ጭምር፣ ማታ በአንድ ቦታ ቻርጅ ይደረግ፤ ያ ቦታ መኝታ ቤት አይሁን። አባት በራት ሰዓት ስልኩ ላይ አጎንብሶ ልጁን ቢቆጣ ቃሉ አይደመጥም።

ልጆች፣ ለእናንተ ደግሞ ይህን ልበል። ስለ ሩጫ ስልክ ላይ ያለው ሁሉ ውሸት አይደለም። ትልልቅ ውድድሮችን ማየት፣ የአሯሯጥ ስልት መመልከት፣ ቋንቋ መማር ይቻላል፤ ይህ ከእናንተ በፊት የነበሩት ያላገኙት ዕድል ነው። ነገር ግን «ወደ ውጭ እወስድሃለሁ፣ ፓስፖርትህን ላክ፣ መጀመሪያ ይህን ያህል ብር አስገባ» የሚል መልእክት ከማታውቁት ሰው ሲመጣ ለአሠልጣኛችሁ ሳታሳዩ አንዲት ቃል አትመልሱ። እውነተኛ ማናጀር ገንዘብ የሚያገኘው ሯጩ ሲያሸንፍ ነው። ከሽልማቱ ድርሻውን ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ ነው። ከደሃ ልጅ ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም። ውል ሲቀርብላችሁም በምታውቁት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ተተርጉሞ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። «ነገ ቪዛው ያልፍብሃል» ብሎ የሚያጣድፍ ሰው የሚያጣድፈው ምክንያት አለው።

ስለ ጫማና ስለ ሰዓት አጠር አድርጌ ልለፍ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ሁሉ ያወራል፤ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቶኪዮ ውስጥ ሲያሸንፍ ግን ጫማ አድርጎ ነበር፤ ጊዜውም ከሮሙ በሦስት ደቂቃ የፈጠነ ነበር። ስለዚህ መሣሪያ የሚንቅ ጀግንነት የእኛ ውርስ አይደለም። ቀነኒሳ በ1997 ዓ.ም. ነሐሴ ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጠ፤ ክብረ ወሰኑ 15 ዓመት ቆየ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ቫሌንሲያ ላይ በ26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲሰብረው እግሩ ላይ አዲስ ዓይነት የሩጫ ጫማ፣ በመሙ ጠርዝ ደግሞ ፍጥነቱን ፊት ፊት የሚመሩ መብራቶች ነበሩ። ቼፕቴጌ ታላቅ ሯጭ ነው፤ ድሉን አላሳንስም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ግን ጫማውንና መብራቱንም አብሮ ይቁጠር። ትዕግሥት አሰፋ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ ያደረገችው ጫማ 500 ዶላር የሚሸጥና ለአንድ ማራቶን ያህል ታስቦ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ጫማ ለውድድር ቀን ነው። ለ14 ዓመት ልጁ የዕለት ልምምድ ይህን የሚመስል ጫማ ለመግዛት ብሎ ወይፈን የሚሸጥ አባት ካለ፣ እባካችሁ ይቆይ። በዚያ ገንዘብ እንቁላልና ወተት ይግባ። ክለብ ሲገባ ጫማውን ክለቡ ይሰጠዋል።

በእጅ የሚታሰረው ዘመናዊ ሰዓትም የልብ ምትን፣ ርቀትን፣ ፍጥነትን ይናገራል፤ ጠቃሚ ነው። ልጅቷ ዛሬ ማልቀሷን ግን አይናገርም። ወደዚህ ከተማ በስፖርት መምህርነት መጥተው እነ ደራርቱን፣ እነ ቀነኒሳን፣ እነ ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የሠሩት በዓይናቸውና በእጅ ሰዓታቸው ነው። ለየትኛው ልጅ ዛሬ ልምምድ እንደሚቀነስ ለማወቅ ፊቱን ማየት ያስፈልጋል። ሰዓቱ ከተገኘ ለአሠልጣኙ ዓይን ረዳት ይሁን።

አንድ ነገር ስለ ገንዘብና ስለ ቤተሰብ ልጨምር። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ክለብ ውስጥ ያለች ልጅ ለእናቷ በደቂቃ ገንዘብ ትልካለች። እናት ገንዘቡን ለመቀበል ብላ ረጅም መንገድ መጓዝ የለባትም። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መላክ ሲቀል መጠየቅም ቀለለ። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለአጎት ልጅ፣ ለጎረቤት፤ ስልኳ ሲጮኽ ልጅቷ ሳታነሳው ምን እንደሚባል ታውቃለች። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ሽልማት በቴሌቪዥን እንደታየው በዚያው ዕለት አይከፈልም። በትልልቅ ውድድሮች የዶፒንግ ምርመራ ውጤት እስኪጠራ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያም የማናጀር ድርሻና ታክስ ይቀነሳል። «አሸንፋ ከዳችን» የተባለች ልጅ ገና ምንም ያልደረሳት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ገንዘብ ሳትጠይቁ የምትደውሉበት ቀን ይኑራችሁ። «እንዴት አደርሽ፣ ጉልበትሽ ተሻለሽ?» ብቻ ብላችሁ ስልኩን ዝጉ።

ወርቅ ያላመጣችውም ልጅ አለች፤ እሷ ብዙ ናት። በየማለዳው ከሚሮጡት ልጆቻችን አብዛኞቹ ኦሊምፒክ አይደርሱም። ይህን በፍቅር መናገር ግዴታችን ነው። ያልደረሰው ልጅ መምህር፣ ነርስ፣ የኮምባይነር ኦፕሬተር፣ ጥሩ ገበሬ ሊሆን ይችላል፤ በሩጫ የተማረው ሥርዓት ለሁሉም ይሆነዋል። ደብተሩን ከጣለ ግን የሚመለስበት መንገድ ይጠብበታል። ስለዚህ ልምምድ ለትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤትም ለልምምድ ሰዓት ይልቀቅ፤ ርዕሰ መምህራንና አሠልጣኞች ተቀምጣችሁ የጋራ የሰዓት ሰሌዳ አውጡ።

የዕድር ዳኞች እዚህ እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ ከመውረዴ በፊት አንድ ነገር ለእናንተ ላቅርብ። መከሩ ገና ነው። ዘንድሮ ኮምባይነር ወደ ቀበሌያችሁ ሲገባ ውሉን በየግል ከደላላ ጋር ከምትዋዋሉ በዕድር ተዋዋሉ፤ ብዙ ሄክታር አንድ ላይ ሲቀርብ ዋጋው ላይ መነጋገር ይቻላል። ውሉ ውስጥ የአቅመ ደካሞችና የብቸኛ እናቶች ማሳ በመጀመሪያው ቀን እንዲታጨድ፣ ክፍያውም እህሉ እስኪሸጥ ከዕድሩ ሣጥን እንዲሸፈን አስገቡ። ኮምባይነሩ የማይደርስበትን ተዳፋት ወጣቶቹ በደቦ ይጨዱት፤ ጀርባቸው ይችላል። ገለባውን ደግሞ ወንዶች ልጆች እሰሩት፣ ተሸከሙት። እህቶቻችሁ ያን ቀን ይተኙ።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከእናቶች እንጀምር።